ከመደርደሪያው ላይ ሳለ የጠፋ መጽሐፍ፦ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርና የእኛ ፊደል፣ ስምና ዘመን

(በጎንደር ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)



ስለ ቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል ሠግቼ ነበር። ስለዚህ ንግግሬን በማሽን ሳይሆን በአንዲት ተማሪ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ ተማሪ ከካታሎግ መፈለጊያው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ስለዚህች ከተማ ታሪክ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ትፈልግ ነበር። «ጎንደር» ብላ ጻፈች። ማሽኑ ጥቂት መጻሕፍትን ዘረዘረላት፤ የፈለገችው ግን በመካከላቸው አልነበረም። «መጽሐፉ የለም» ብላ ልትነሣ ስትል፣ እኔ ተጠግቼ «ጐንደር» ብዬ ጻፍሁ። መጽሐፉ ወዲያው ወጣ። ሁለት ቅጂ ነበረው፤ ሁለቱም በመደርደሪያው ላይ ነበሩ።

እስቲ ጥፋተኛውን እንፈልግ። የካታሎግ ባለሙያው የመጽሐፉን ርእስ ከሽፋኑ እንዳለ ገልብጧል፤ ትክክል ነው። ተማሪዋ የከተማዋን ስም ዛሬ ብዙው ሰው እንደሚጽፈው ጽፋለች፤ ትክክል ናት። ማሽኑም የታዘዘውን ፈጽሟል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ መጽሐፉ ግን ከመደርደሪያው ላይ ሳለ ጠፋ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዓይነቱ መጥፋት ነው። ልል የምፈልገውም ባጭሩ ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩን ከውጭ ማግኘት እንችላለን፤ ፊደላችንን፣ ስማችንንና ዘመን አቆጣጠራችንን የሚያስተምረው ሕግ ግን ከእኛ ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

ሥርዓቱ ምን ይሠራል?

የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የምንለው፣ ቀድሞ በየክፍሉ በልዩ ልዩ ደብተርና ካርድ ይሠራ የነበረውን ሥራ በአንድ የመረጃ ቋት ላይ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። የግዥ ክፍሉ የታዘዘውን መጽሐፍ ይመዘግብበታል። የካታሎግ ባለሙያው የመጽሐፉን ማንነት ይገልጽበታል። የውሰት ሠራተኛው መጽሐፉ ለማን እንደተሰጠና መቼ እንደሚመለስ ይይዝበታል። የመጽሔት ክፍሉ የትኛው እትም እንደደረሰና የትኛው እንደቀረ ይከታተልበታል። አንባቢውም በኮምፒውተር ወይም በስልኩ ካታሎጉን ይፈትሽበታል።

በዚህ ቋት ውስጥ ሁለት ዓይነት መዝገብ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የመጽሐፉ መግለጫ ነው፤ ደራሲው፣ ርእሱ፣ አሳታሚው፣ ዘመኑና የትምህርት ዘርፉ ይጻፍበታል። ሁለተኛው የቅጂው መዝገብ ነው፤ ባርኮዱ፣ የመደርደሪያ ቁጥሩና በዚህ ሰዓት ያለበት ሁኔታ ይያዝበታል። አንድ መጽሐፍ ዐሥር ቅጂ ቢኖረው መግለጫው አንድ፣ የቅጂው መዝገብ ግን ዐሥር ነው። ባርኮዱ ሲነበብ የሚንቀሳቀሰው የቅጂው መዝገብ ነው፤ አንባቢ ሲፈልግ የሚፈተሸው ግን መግለጫው ነው። መግለጫው ከተበላሸ ባርኮዱ ምንም ቢያምር አንባቢውን አይረዳውም።

አንባቢ አንድ ቃል ሲጽፍ ማሽኑ መግለጫዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያነብም። አስቀድሞ የተዘጋጀ ማውጫ አለው። ይህ ማውጫ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው የቃላት መጠቁም ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ከነሚገኝባቸው መዝገቦች ቁጥር ተሰድሮ ተቀምጧል። ማሽኑ የተጻፈለትን ቃል ከማውጫው ጋር ያነጻጽራል። የሚያነጻጽረው ግን ድምፅን አይደለም፤ የፊደልን ኮድ ነው። ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። በማሽኑ ዐይን «ጎ» እና «ጐ» የሚለያዩት «ሀ» እና «ፐ» የሚለያዩትን ያህል ነው። የተማሪዋ ችግር ምንጩ ይህ ነው።

ሥርዓቱ ከየት መጣ?

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄንሪየት አቭራም የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማርክ የተሰኘውን የመዝገብ ቅርጽ አዘጋጁ። ማርክ ለእያንዳንዱ የመጽሐፍ መረጃ ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ 100 የዋናው ደራሲ ስም፣ 245 ደግሞ ርእሱ የሚጻፍበት ቦታ ነው። ይህ ቅርጽ ዛሬም የቤተ መጻሕፍት ዓለም የጋራ ቋንቋ ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዩኔስኮ ሲዲኤስ አይሲስ የተባለውን ፕሮግራም በማደግ ላይ ላሉ አገሮች በነጻ አደለ፤ በአገራችንም ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከካርድ ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩት በእርሱ ነው።

ዛሬ በርካታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ኮሃ የተወለደው በኒው ዚላንድ ነው። ሆሮዌኑዋ በተባለ፣ እርሻ በሚበዛበት ወረዳ የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት የቀድሞ ሶፍትዌሩ የ2000 እ.ኤ.አ.ን መባቻ የማይሻገር ሆኖ ተገኘ። ካቲፖ የተባለ ድርጅት አዲስ ሥርዓት ሠራለት፤ ሥርዓቱም በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለውም ተፈቀደ። «ኮሃ» በማዎሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። እዚህ ላይ ላስተውል የምወደው፣ ሶፍትዌሩ ከታላቅ ከተማ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ አለመፍለቁን ነው። መጠነኛ ገንዘብ ያለው የገጠር ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ችግሩን ለይቶ ስላወቀ የተገኘ ነው።

የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ የቆዩ መዝገቦች የአማርኛውን ርእስ በላቲን ፊደል ገልብጠው ይዘዋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም የአማርኛ መጻሕፍትን ለረጅም ጊዜ የመዘገበው በላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ ከውጭ አምጥተን እንዳለ ስናስገባ፣ በአማርኛ ፊደል የሚፈልግ አንባቢ የአገሩን መጽሐፍ አያገኘውም።

አንድ ስም፣ 144 አጻጻፍ

የፊደልን ጉዳይ በምሳሌ ላሳይ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ነው። «ስ» በሁለት፣ «ዓ» በአራት፣ የመጨረሻው «ሁ» ደግሞ በሦስት መንገድ ይጻፋል። ስድስት በሁለት፣ በአራት፣ በሦስት ሲባዛ 144 ይሆናል። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ላልተነገረው ማሽን ግን 144 የተለያዩ ስሞች ናቸው።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች የካታሎግ ባለሙያው ሁሉንም በአንድ ሆሄ እንዲጽፍ ማዘዝ ይበቃል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ርእስ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ መመዝገብ አለበት፤ አጻጻፉ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነውና። መዝገቡን ሳይነኩ ማውጫውን ማስተካከል ይቻላል። ኮሃ የሚጠቀምባቸው የፍለጋ ሞተሮች፣ ዜብራም ሆነ ኢላስቲክሰርች፣ «ሐ፣ ኀ እና ሃን ሁሉ እንደ ሀ ቁጠር፤ ሠን እንደ ሰ፣ ፀን እንደ ጸ፣ ጐን እንደ ጎ ቁጠር» የሚል ሕግ ይቀበላሉ። ሕጉ በሁለት ቦታ መሥራት አለበት፦ ማውጫው ሲዘጋጅና አንባቢው ቃሉን ሲጽፍ። በአንዱ ብቻ ከተሠራ ፍለጋው ከቀድሞው ይብሳል።

የግእዝ መምህራን እዚህ ላይ እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ፤ መቃወማቸውም ተገቢ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌብነት ነው። በአማርኛም «ድኅነት» መዳን፣ «ድህነት» ማጣት ነው። ሆሄያቱን ካዋሐድን፣ ስለ ድህነት ቅነሳ የሚያጠና የኢኮኖሚክስ ተማሪ የነገረ መለኮት መጽሐፍም ይወጣለታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ጉዳቶች እንመዝን። ትርፍ መጽሐፍ የወጣለት አንባቢ በዐይኑ አይቶ ያልፈዋል። ያልወጣለት አንባቢ ግን የጎደለውን ነገር አያውቅም፤ የለም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ማዋሐዱ ይሻላል፤ ልክ እንደተጻፈው የሚገጥመው ውጤት ከላይ እንዲሰለፍ ማድረግም ይቻላል።

ሌሎችም ነጥቦች አሉ። «ጎንደር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የጎንደር»ንና «በጎንደር»ን አያገኝም፤ ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ መስተዋድድ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። ማሽኑ «የ» እና «በ»ን በጭፍን እንዲቆርጥ ብናዘው ደግሞ «የካቲት»ን «ካቲት»፣ «በሬ»ን «ሬ» ያደርገዋል። ስለዚህ የማይቆረጡ ቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የቋንቋ ምሁራን እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። «ገ/ማርያም» እና «ገብረ ማርያም»፣ «ወልደ ሥላሴ» እና «ወልደሥላሴ» አንድ መሆናቸውንም እንዲሁ መንገር ያስፈልጋል።

ስምና ዘመን

ከውጭ የመጣው ሥርዓት የሰው ስም ሲባል የቤተሰብ ስም አለ ብሎ ያስባል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስምና የአባት ስም ነው። ሆኖም ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው ተገልብጠው የተመዘገቡበት ካታሎግ ጥቂት አይደለም። ይህ ልጁን ትቶ አባቱን ደራሲ እንደማድረግ ነው። ማርክ ግን ለዚህ መልስ አለው፤ በ100 ቁጥር ቦታ የመጀመሪያው ጠቋሚ 0 ሲሆን ስሙ በራስ ስም ይጀምራል፣ 1 ሲሆን በቤተሰብ ስም ይጀምራል። አንዲት አሃዝ በትክክል ብትጻፍ ስሙ በቦታው ይቆማል።

ከዚህ በላይ የሚረዳን የስሞች መቆጣጠሪያ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ለአንድ ሰው አንድ የታወቀ የስም ቅርጽ ይመረጥና ሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ ወደ እርሱ ይመራሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን መጻሕፍት የሚፈልግ ሰው በ«ህሩይ»ም ይጻፍ በ«ሕሩይ»፣ ማዕረጉን ይጨምርም ይተውም፣ ወደ አንድ ቦታ ይደርሳል። እኚህ ሰው ራሳቸው በዘመናቸው በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዘርዝረው ካታሎግ አሳትመዋል። ስማቸውን በካታሎጋችን በትክክል ለማስገኘት አለመቻላችን ሊያሳስበን ይገባል።

ዘመንም እንዲሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይህም 1965 ወይም 1966 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ማርክ የኅትመት ዓመትን በሁለት ቦታ ይይዛል፦ አንዱ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ የሚገለበጥበት ነው፣ ሌላው ማሽኑ ለመደርደርና ለማጣራት የሚጠቀምበት ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው «1958 ዓ.ም.» ብለን መጻፍ አለብን። በሁለተኛውም 1958 ካልን ግን መጽሐፉ ወደ ኋላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይገፋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የታተሙ ልብ ወለዶችን የሚያጠና ተማሪም የዘመኑን ታላቅ ልብ ወለድ ሳያየው ያልፋል።

ከደጋው ላይ ሲታይ

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ከዚህ ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ወደ ደባርቅ ስንወጣ የመብራቱና የኢንተርኔቱ ነገር እየተለወጠ ይሄዳል። በከተማችንም ቢሆን ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠባቸውን ጊዜያት አይተናል። ስለዚህ ካታሎጉን በሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ለእኛ አይመችም። ኮሃ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ፣ በግቢው የውስጥ መስመር ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሰትን ለብቻ መዝግቦ በኋላ የሚያስገባ ዘዴም አለው።

ከሁሉ የሚከፋው የመብራት መጥፋት አይደለም፤ የመዝገቡ መጥፋት ነው። የአንድ መጽሐፍ የማርክ መዝገብ አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ገደማ ነው። የመቶ ሺህ መጻሕፍት መዝገብ በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ላይ ይገባል፤ ብዙ ቦታም አይወስድበትም። ይህን እያወቅን መጠባበቂያውን ከሰርቨሩ አጠገብ፣ በዚያው ክፍል የምናስቀምጥ አለን። ክፍሉ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ተከፍቶ መሥራቱ ይፈተን። ያልተፈተነ መጠባበቂያ አለ ለማለት አያስደፍርም።

በደጋው ላይ ያሉ ትንንሽ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሥርዓት መትከል የለባቸውም። ኮሃ ብዙ ቅርንጫፎችን በአንድ ቋት ያስተዳድራል። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ጊዜ በትክክል ከተመዘገበ፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት መዝገቡን ወስዶ የራሱን ቅጂ ብቻ ይጨምርበታል። የእንግሊዝኛውን መማሪያ መጽሐፍ መዝገብ ከውጭ እናገኛለን፤ የአማርኛውንና የግእዙን ግን እኛ ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም።

የተመዘገበውና ያልተመዘገበው

በፋሲል ግቢ ውስጥ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ስም የሚጠራ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ አለ። ሕንፃው ቆሟል፤ መጽሐፍ ግን የለበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲሰበስቡ ብዙዎቹን የወሰዱት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። በ1877 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራይት የተባሉ ምሁር የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት በዝርዝር ገልጸው ካታሎግ አሳተሙ።

ውጤቱን ተመልከቱ። ያለ ፈቃድ የተወሰዱት መጻሕፍት ቁጥር አላቸው፤ የቅጠላቸው ብዛት፣ ይዘታቸው፣ በኅዳጋቸው የተጻፈው ሁሉ ይታወቃል። ዛሬም በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል የግእዝ ስም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በኮምፒውተር ይመዘግባል። ከዚሁ ከቀሩት ግን ስንቶቹ ናቸው በእኛ ካታሎግ ውስጥ የሚገኙት?

በአንድ ወቅት በወገራ ደጋ ወደሚገኝ አንድ ደብር ሄጄ፣ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ አባት ስለ አንድ መጽሐፍ ጠየቅኋቸው። ከብዙ ማኅደሮች መካከል አንዱን ሳያመነቱ ከተሰቀለበት አወረዱ፤ ማን እንዳስጻፈው፣ በማን ጊዜ ለደብሩ እንደተሰጠ፣ የትኛው ቅጠሉ እንደጎደለ ነገሩኝ። አባታችን ካታሎግ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ይህን የሚያውቅ ማን እንዳለ ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ።

ይህን ስል የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ያሉበት ቦታ ለማንም ይገለጥ ማለቴ አይደለም፤ ሌባም ካታሎግ ያነባል። ዝርዝሩ በደብሩ ፈቃድ ይሠራ፤ ለሕዝብ የሚታየውና ለባለቤቱ ብቻ የሚታየው ይለይ። ሶፍትዌሩ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን የተሰረቀ መጽሐፍ በገበያ ላይ ቢገኝ «የእኛ ነው» ለማለት የሚያስችለው ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ነው። አባቶቻችን በመጽሐፉ ቅጠል ላይ የባለቤቱን ስም የጻፉትና የሚሰርቀውን ያወገዙት ይህን ስለተረዱ ነው።

ምን እናድርግ?

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በመጀመሪያ፣ የአማርኛና የግእዝ ሆሄያትን በማውጫ ውስጥ የሚያዋሕድ አንድ የሕግ ሰነድ የቋንቋ ክፍሉ፣ የኮምፒውተር ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ በጋራ ያዘጋጁ፤ ሰነዱም ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በነጻ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያውያን ደራስያን የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ይጀመር፤ በዓመት ጥቂት መቶ ስም ቢሠራ እንኳ ከዓመት ዓመት ይከማቻል። ሦስተኛ፣ የካታሎግ ባለሙያ ሥራ እንደ ጽሕፈት ሥራ መቆጠሩ ይቅር። የአንድን መጽሐፍ ማንነት መወሰን ዕውቀት ይጠይቃል፤ በችኮላ የተሠራ መዝገብ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ ከነስሕተቱ ይሻገራል።

ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በካታሎጉ ፈልጋችሁ ያጣችሁትን መጽሐፍ በሌላ ሆሄ ደግማችሁ ፈልጉ። ካገኛችሁት ያጣችሁበትንም ያገኛችሁበትንም አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ። ያቺ በመጀመሪያ ያነሣኋት ተማሪ እንዲሁ አድርጋለች፤ እኔም ለዚህ ንግግር መነሻ ያገኘሁት ከእርሷ ወረቀት ነው።